«ይባላል» የማይል ሥዕል

ከናይሮቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኒየሪ የደረሰ ሰው፣ በከተማዋ አቅራቢያ አንዲት የኢጣልያኖች መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በውስጧ ከ600 የሚበልጡ ኢጣልያውያን ወታደሮች አፅም አርፏል። ከእነሱም መካከል ግራዚያኒን ተክተው የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ የነበሩት የአኦስታው መስፍን አመዴዎ ይገኙበታል። መስፍኑ የአየር ኃይል ጄኔራል ነበሩ። በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ ለእንግሊዞች እጃቸውን ሰጥተው በምርኮኝነት ወደ ኬንያ መጡ፤ የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም. (ማርች 3 ቀን 1942) እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ታመው አረፉ።

ስለ መስፍኑ አሟሟት ክርክር የለም። ሕመሙ ይታወቃል፤ ቀኑ ተጽፏል፤ መቃብሩ ይጎበኛል። አንድ ሠዓሊ ይህን ሞት ልሳል ቢል የሚያስጨንቀው የብርሃኑ አወራረድና የፊቱ ቀለም እንጂ የሆነውና ያልሆነው ነገር አይደለም። ጦርነት ግን ሟችን ሁሉ እንዲህ በሐኪምና በቄስ መካከል፣ አልጋ ላይ አያሳርፍም። በተለይ አብራሪ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ወገኖቹ ከማያዩበት ሩቅ ስፍራ ነው። አሟሟቱን ያዩት ጠላቶቹ ይሆናሉ፤ ወገኖቹ ደግሞ ያላዩትን ይተርካሉ። እንግዲህ ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ወገኖች ያልተስማሙበትን ሞት ሠዓሊ ሊስለው ይገባልን? ቢስለውስ ማንን አምኖ ይስላል?

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. (ዲሴምበር 26 ቀን 1935) ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ወጣት ኢጣልያዊ ምክትል መቶ አለቃ፣ ሊቪዮ ዛኖኒ ከተባለ ባልደረባው ጋር በኦጋዴን ሰማይ ላይ የቅኝት በረራ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኑ በደገሃቡር አካባቢ መሬት ለማረፍ ተገደደ። ሁለቱም ወደ ጦር ሰፈራቸው አልተመለሱም። አከራካሪ ያልሆነው ነገር ይኸው ነው፦ አውሮፕላኑ ወርዷል፤ ሰዎቹ መሬት ላይ ሞተዋል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ሙግት ነው። የኢጣልያ መንግሥት ሚኒቲ ከተማረከ በኋላ ተሠቃይቶ መገደሉን፣ ጭንቅላቱም ተቆርጦ ለትዕይንት መዞሩን ለመንግሥታት ማኅበር አስታወቀ። ለሟቹ ከፍተኛውን የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰየመ። በሌላ ወገን ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ካረፉ በኋላ ተታኩሰው በውጊያ ሞቱ፣ አካላቸው ተቆርጦ ከሆነም የተቆረጠው ከሞቱ በኋላ ነው የሚል አስተያየት አለ። የታሪክ ጸሐፊዎችም በአንድ ቃል አልተስማሙም። በምርኮ ወይስ በውጊያ? በሕይወት ሳለ ወይስ ከሞተ በኋላ? በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ላይ የሚንጠለጠለው ጥቂት ነገር አይደለም፤ እጁን የሰጠን ሰው በማሠቃየትና ጠመንጃ ያነሣን ሰው በመግደል መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህ ሞት ገና በሸራ ላይ ሳይሳል በሰው ልብ ላይ ተሳለ። አንገቱ የተቆረጠ ወጣት አብራሪና በዙሪያው የሚጨፍር «አረመኔ»፤ ይህን ምስል ለመቀበል ብዙ አውሮፓዊ ማስረጃ አላስፈለገውም። ሚኒቲ በሞተ በአራተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 20፣ የግራዚያኒ አውሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ደበደቡ። በርካታ ሕሙማን ሞቱ፤ የጓዱ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ። ከአውሮፕላኖቹ የተበተነው ወረቀት ምክንያቱን ይናገር ነበር፦ ምርኮኛ አብራሪ አንገቱ ስለ ተቆረጠ ቅጣቱ ይኸው ነው የሚል። አንባቢ ልብ ይበል፤ መልካ ዲዳ ከደገሃቡር በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። በዚያ ግንባር የነበረውም የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር እንጂ በደገሃቡር በኩል የነበረው ጦር አይደለም። ቃሬዛ ላይ የተኙት ቁስለኞች ስለ ሚኒቲ የሰሙት ምናልባት ከሰማይ በወረደው ወረቀት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የቀኖቹ ቅደም ተከተል ነው። የሚኒቲ ሞት ኢጣልያ ለተጠቀመችበት የመርዝ ጋዝ እንደ ሰበብ ሲቀርብ ኖሯል፤ እነሱ እንዲህ ስላደረጉ እኛም እንዲህ አደረግን ዓይነት ሰበብ። ነገር ግን ሙሶሊኒ ግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም የተላከው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ሚኒቲ ከመሞቱ ከሁለት ወር በፊት መሆኑ ነው። በተከዜ በኩል በራስ እምሩ ጦር ላይ ጋዙ የወረደው ታኅሣሥ 13 አካባቢ ነው፤ ሚኒቲ ከመሞቱ ከሦስት ቀን በፊት መሆኑ ነው። እንግዲህ ቅጣቱ ከጥፋቱ ቀድሞ ተፈጽሟል ማለት ነው። የአንድ ሰው ሞት ሰበብ የሆነው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። ሚኒቲ እንዴት እንደ ሞተ ላይታወቅ ይችላል፤ ሞቱ ለምን አገልግሎት እንደ ዋለ ግን ይታወቃል።

የኢጣልያ መንግሥት የመከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከ60 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚያ 60 ዓመታት ውስጥ የአንዱ አብራሪ ስም በአደባባይ ሲጠራ፣ በተከዜ ዳር ቆዳቸው የተላጠው ገበሬዎች ስም ግን በየትኛውም ሕንፃ ላይ አልተጻፈም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንዲሉ፣ ይህን የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ስለ ሚኒቲ ሞት ሲሰማ ልቡ ቢደነድን አይፈረድበትም። ሆኖም ልብ ስለ ደነደነ እውነት አይለወጥም፤ የሥዕሉ ጥያቄም ባለበት ይቆያል።

እዚህ ላይ በቃልና በሥዕል መካከል ያለውን አንድ ልዩነት መመልከት ይገባል። አማርኛ በሰሚና በተመልካች መካከል ያለውን ድንበር ጠንቅቆ ይጠብቃል። ያላየውን የሚያወራ ሰው ከቃሉ መጨረሻ ላይ «አሉ» ብሎ ይጨምራል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ «ይባላል» ይላል። እማኝ በዳኛ ፊት «አየሁ» እና «ሰማሁ» ለየቅል መሆናቸውን ያውቃል። «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው አነጋገር ራሱ የሚናገረውን እምነትና ጥርጣሬ በአንድ ትንፋሽ ይይዛል። ሥዕል ግን እንዲህ ያለ ሰዋስው የለውም። ሠዓሊው የአብራሪውን እጅ ወይ የታሰረ አድርጎ ይስለዋል፣ ወይ መትረየስ የጨበጠ አድርጎ ይስለዋል። ታስሯል የሚባል እጅ በቀለም ሊሳል አይችልም። ቢላዋው ወይ አለ፣ ወይ የለም። ዓይኑ ወይ ተከፍቷል፣ ወይ ተከድኗል። በቃል ሲነገር ወሬ የነበረው ነገር ሸራ ላይ ሲወርድ ምስክርነት ይሆናል።

በአቪዬሽን ሥዕል ደግሞ አደጋው የበለጠ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖችን ታሪክ የሚስሉ ሠዓሊዎች በጥንቃቄያቸው የታወቁ ናቸው። የክንፉን ብሎን ይቆጥራሉ፤ በጅራቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከመዝገብ ያመሳክራሉ፤ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በየት በኩል እንደ ነበረች ይጠይቃሉ። ጥንቃቄው በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ግን አንድ ስውር ውጤት አለው። ተመልካች ቁጥሩ ትክክል፣ ቀለሙ ትክክል፣ ደመናው ትክክል መሆኑን ካየ በኋላ፣ ገዳዩም ትክክል ነው ብሎ ያምናል። የብሎኖቹ እውነት ላልተረጋገጠው ነገር ዋስ ሆኖ ይቆማል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ «ቀዩ ባሮን» የተባለው ጀርመናዊ ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈን ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1918 በፈረንሳይ ሰማይ ላይ ሲሞት የእንግሊዝ አየር ኃይል ድሉን ለካናዳዊው ካፒቴን ሮይ ብራውን መዘገበ። ብራውን ከኋላው ተጠግቶ ሲተኩስበት የሚያሳዩ ሥዕሎችም ተሳሉ። በኋላ ቁስሉንና የጥይቱን አመጣጥ የመረመሩ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግን የገደለው ከመሬት የተተኮሰ ጥይት ነው፣ ምናልባትም ሴድሪክ ፖፕኪን የተባለ አውስትራሊያዊ መትረየስ ተኳሽ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ሙግቱ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ሥዕሎቹ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት ፈርደው ጨርሰዋል።

ሆኖም የሪሽትሆፈንና የሚኒቲ ጉዳይ አንድ አይደለም። በሪሽትሆፈን ሞት ላይ የሚሟገቱት ክብሩ የማን ነው እየተባባሉ ነው፤ ሁሉም ገዳይ እኔ ነኝ ይላል። የገዛ ጠላቶቹ አውስትራሊያውያን በወታደራዊ ሥርዓት ቀብረውታል። ሠዓሊው በዚያ ቢሳሳት ከአንድ ሰው ሜዳይ ነጥቆ ለሌላው መስጠቱ ነው። በሚኒቲ ሞት ላይ የሚሟገቱት ግን ጥፋቱ የማን ነው እየተባባሉ ነው። ሠዓሊው በዚህ ቢሳሳት አንድን ሕዝብ ባልሠራው ወንጀል ይከሳል፤ ወይም በግፍ የተገደለን ምርኮኛ ሁለተኛ ጊዜ ይቀብራል። ስለዚህ የሠዓሊው ነፃነት በሁለቱም ስፍራ እኩል ነው ማለት አይቻልም። ስሕተቱ ሰው የሚጎዳበት መጠን እየጨመረ ሲሄድ እርግጠኛ የመሆን ግዴታውም አብሮ ይጨምራል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ሠዓሊ ዳኛ አይደለም፤ የታሪክ ሥዕል ሁሉ ከሐሳብ የመነጨ ነው፤ ዓድዋን የሳሉት ሰዎች ቅዱስ ጊዮርጊስን በደመና ላይ አይተውት ነውን? ብሎ ይሞግት ይሆናል። መልካም ሙግት ነው። ግን ሥዕሉ ራሱ መልሱን ይሰጣል። ከዓድዋ ሰማይ ላይ በነጭ ፈረስ የሚወርደውን ቅዱስ የሚያይ ሰው የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አየሁ አይልም። ሠራዊቱ በረድፍ መቆሙ፣ ዳስና ነጋሪቱ፣ የሰማዩና የምድሩ መገናኘት ሁሉ ይህ የእምነትና የመታሰቢያ ሥዕል መሆኑን በግልጽ ይናገራሉ። የጥንቱ ሠዓሊ «ይባላል» ማለት ባይችልም «እናምናለን» ማለት ችሏል። አሳሳች የሚሆነው የሚያምነውን እንዳየው አድርጎ፣ ብሎን ቆጥሮ የሚያቀርበው ነው።

ከዚያው ወግ ሌላም ትምህርት ይገኛል። በኢትዮጵያ ባህላዊ ሥዕል ጻድቅና ወገን በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ጠላትና ክፉ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። በዓድዋ ሥዕሎች ላይ የኢጣልያ ወታደሮች ባለ አንድ ዓይን መሆናቸው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሚኒቲ በስንት ዓይን ይሳል? ኢጣልያዊ ሠዓሊ ቢስለው ሁለት ዓይን ኖሮት ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰማዕት ይሆናል፤ ከቦ የያዘው ሕዝብም ፊት የሌለው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ በአባቶቹ ወግ ቢስለው አብራሪው ባለ አንድ ዓይን ወራሪ ይሆናል። ሁለቱም ሥዕሎች ከማስረጃው በፊት ፍርዱን ሰጥተዋል። ሁለቱም የደገሃቡርን ሰዎች፣ ከላያቸው ላይ ሲያንዣብብ የኖረው ነገር አንድ ቀን መሬት ወርዶ ያገኙትን ሰዎች፣ ምን እንዳሰቡ አልጠየቁም።

ሁለተኛው ሙግት ከመጀመሪያው ይከብዳል። ያልተረጋገጠ ነውና አይሳል ማለት የወገንን ጥፋት ለመሸፈን ምቹ ሰበብ አይሆንም ወይ? ይሆናል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያውያን እጅ ንጹሕ ነው ብሎ መጀመር አይቻልም። ዳግማዊ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢጣልያውያን ምርኮኞችን ይዘው ቆይተው፣ ከስምምነቱ በኋላ ወደ አገራቸው መልሰዋል፤ ይህ በኩራት ይነገራል፤ ሊነገርም ይገባል። በዚያው ድል ማግስት ግን የተማረኩ የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህ ክርክር የሌለበት ታሪክ ነው። ይሁንና በየሆቴሉና በየቤቱ በተሰቀሉት የዓድዋ ሥዕሎች ላይ ስንት ጊዜ ታይቷል? ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆንን አንሥል የሚል ሰው መጀመሪያ እርግጠኛ የሆነበትን ነገር መሳሉን ያሳይ። ጥርጣሬን ለወገን ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ጥንቁቅ ሳይሆን አድሏዊ ነው።

ሚኒቲም በርግጥ ከተማረከ በኋላ ተገድሎ ከሆነ ድርጊቱ ግፍ ነበር። ወራሪ መሆኑ፣ ከሰማይ ቦምብ የሚጥል ሠራዊት አባል መሆኑ፣ በተከዜ ጋዝ መውረዱ፣ እጁን የሰጠን ሰው ማረድን ትክክል አያደርገውም። ይህን ለማመን የሚከብደው ሰው ወንበሩን አዙሮ ይመልከት። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ አውሮፕላናቸው አስመራ ላይ ተመትቶ ተማረኩ። በደርግ ዘመንም በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር ተማርከው ነበርና ይህ ሁለተኛ ምርኮአቸው ነው። በዚያው ሰሞን በመቀሌ የዓይደር ትምህርት ቤት ከአየር ተደብድቦ ሕፃናት ሞተዋል፤ ሰማዩ በሁለቱም አገር ላይ ክፉ ነበር። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ተፈርሞ ምርኮኞች ወደየአገራቸው ሲመለሱ ኮሎኔሉ ከተመለሱት መካከል አልነበሩም። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሰላም ሲያወርዱም ጥያቄው አልተዘጋም።

አሁን አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ በዚህ ሰው ላይ ሸራ ዘርግቶ የመጨረሻዋን ሰዓት ልሳል ቢልስ? በዱላ ሲቀጠቀጡ ይሳላቸው? በእስር ቤት ሸብተው ይሳላቸው? መቃብር ይሳልላቸው? ማናቸውንም ቢስል ማንም ያልሰጠውን ሥልጣን መውሰዱ ነው። ሞታቸውን ከሳለ የሚጠብቋቸውን ሰዎች ተስፋ በብሩሽ ይቆርጣል። ጭካኔውን ከሳለ አንድን ከተማ በሙሉ ያለ እማኝ ይከሳል። ዝም ብሎ የጀግና ሞት ከሳለ ደግሞ የት ናቸው? የሚለውን ጥያቄ ያለ መልስ ይዘጋዋል፤ ጥያቄው እንዳይዘጋ የሚፈልጉት ቤተሰቦች ሳይጠየቁ። በወገን ላይ እንዲህ መሆኑ የሚያሳምም ከሆነ፣ በሬጆ ካላብሪያም እንዲሁ እናት እንደ ነበረች ማሰብ አይከብድም። ያልታወቀን ሞት እንደ ታወቀ አድርጎ መሳል የሚያስነውር ከሆነ የሚያስነውረው የእኛ ሟች ሲሆን ብቻ አይደለም።

ይህ ጉዳይ በናይሮቢ ለሚኖር ሰው የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም። በዚህ ከተማ ኢትዮጵያዊውና ኤርትራዊው በአንድ ሰፈር ይገበያያሉ፤ በአንድ ምግብ ቤት እንጀራ ይቆርሳሉ፤ ብዙ ጊዜም አማርኛ ያገናኛቸዋል። አዲስ አበባ ወይም አስመራ ላይ የወገን ሥዕል ሰቅሎ ለወገን ብቻ ማሳየት ይቻል ይሆናል። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለን ሥዕል ግን ሁለቱም ቡናቸውን እየጠጡ ያዩታል። ከሁለቱ አንዱ ባልተረጋገጠ ነገር ተከስሶ ተነሥቶ ቢወጣ ሥዕሉ ጥፋት አጥፍቷል። የተረጋገጠውን ተመልክቶ አንገቱን ቢደፋ ግን ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል።

እንግዲህ ሠዓሊው ምን ይሳል? ከዚያው ዘመን ሁለት ሥራዎች መንገድ ያሳያሉ። ቱሊዮ ክራሊ የተባለው ኢጣልያዊ እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ አብራሪ ከጀርባው ሆኖ እያየነው ወደ ከተማ ሲወረወር ሣለ። ሕንፃዎቹ እንደ ስለት ተደርድረው ወደ ላይ ይመጣሉ፤ በመንገዱ ላይ ግን አንድም ሰው አይለይም። የኢጣልያ ፉቱሪስቶች «የአየር ሥዕል» ያሉት ጥበብ ሁሉን ከአብራሪው ወንበር ላይ ማየት ነበርና። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ፒካሶ ጌርኒካን ሥሏል። በዓለም ላይ እጅግ በታወቀው የአየር ድብደባ ሥዕል ውስጥ አንድም አውሮፕላን የለም፤ አብራሪም የለም። ያለችው ሕፃኗን ታቅፋ የምትጮህ እናት ናት፤ የሚንፈራገጥ ፈረስ ነው። ፒካሶ ከላይ የነበሩትን አብራሪዎች ፊት አላየም፤ አልሣለምም። በታች የሆነው ግን የተረጋገጠ ነበርና ሣለው።

ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት በእርግጠኝነት የታወቀውን መሳል፣ ያልታወቀውንም ባዶ መተው ነው። ባዶ መተው ግን መሸሽ አይደለም። በኦጋዴን ሜዳ ላይ ሞተሩ የቆመ አውሮፕላን ሊሳል ይችላል። ከእሱ የወረዱ ሁለት ሰዎች ጥላ አሸዋው ላይ ሊሳል ይችላል። ከአድማሱ በኩል የሚመጡ ሰዎች ሊሳሉ ይችላሉ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ኖሯቸው፤ የያዙት ጦር ይሁን ውኃ ገና ሳይለይ። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሁሉም ነገር የታወቀ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለውን ሠዓሊው አያውቅም፤ ተመልካቹም አያውቅም፤ ሥዕሉም አያውቅም። አለማወቁን በግልጽ የሚያሳይ ሥዕል ግን «ይባላል» ለማለት ከሁሉ ይልቅ የቀረበ ሥዕል ነው። ከጎኑም ሁለተኛ ሸራ ቢሰቀል፣ በተከዜ ዳር ታኅሣሥ 13 የወረደውን የሚያሳይ፣ ከሥሩም ቀኑ ቢጻፍ፣ ተመልካች ሁለቱን ቀኖች አስተያይቶ ማን ማንን እንደ ቀደመ ያለ አስረጂ ይረዳል።

ቀን የመጻፉ ነገር ቀላል አይደለም። ሥዕል የማይችለውን ከሥሩ ያለችው አንዲት መስመር ጽሑፍ ትችላለች። የሚኒቲ ሞት ብሎ መጻፍና በደገሃቡር አካባቢ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1928፣ አሟሟቱ አከራካሪ ነው ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሥነ ምግባሮች ናቸው። የመጀመሪያው ተመልካቹን ያሰናብተዋል። ሁለተኛው ግን ቆም ብሎ እንዲያስብ ወንበር ይስብለታል።

ማስረጃም አንዳንዴ ዘግይቶ ይመጣል። ደራሲና አብራሪ የነበረው ፈረንሳዊ አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1944 ለቅኝት በረራ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ከ54 ዓመታት በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ስሙ የተቀረጸበትን አምባር ከማርሴይ ባሕር አወጣ፤ የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ማንነትም በ2004 ተረጋገጠ። አውሮፕላኑ ተገኘ እንጂ የመጨረሻዋ ደቂቃ አልተገኘችም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ሞቱን በየብስ ላይ የሣለ ሠዓሊ ቢኖር ባሕሩ ይመሰክርበት ነበር፤ የሰማዩን ባዶነት ብቻ የሣለ ቢኖር ግን ሥዕሉ ዛሬም እውነት በሆነ ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። አንዳንዱ እውነት ግን ላይጠራ ይችላል፤ የደገሃቡር አሸዋ የያዘውን ሁሉ አይመልስም። ሠዓሊ ንጋቱን ማፍጠን አይችልም። የሚችለው ገና ጨለማ የሆነውን ስፍራ በገዛ ቀለሙ አብርቶ ነግቷል አለማለት ነው። በኒየሪዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚያርፉት ሰዎች ስምና ቀን ያላቸው ሙታን ሠዓሊውን አይፈሩትም። የሚፈሩት አሟሟታቸው ያልታወቀው ናቸው፤ አልሞትኩም ብለው ወይም እንዲህ አልሞትኩም ብለው መከራከር አይችሉምና።